ዘጠኝ ሚሊ

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የቀኙ በር አልዘጋም አለ።

ግራው በር ገፋ ሲያደርጉት ክትት ብሎ ገብቷል። ቀኙ ግን ሊገጥም ጣት ሲቀረው ከኋላው የጎን ላሜራ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ነዳፊው እርሳስ አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሊሞክር ሲል እናቱ «በቃ፣ ተወው» አሉት። ሰባት ወር የለፋንበት መኪና ቀለም ሳይቀባ፣ ብረቱ እያብረቀረቀ፣ አንድ በሩን እንደከፈተ በጋራዡ መሀል ቆመ። እኔም መዶሻዬን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

ታሪካችንን ገና ዛሬ ለምታነቡ ባጭሩ ልንገራችሁ። እኔ ባትላሜራ ነኝ። የመኪና አካል ቀጥቅጬ አወጣለሁ። ሴት ባትላሜራ አይተው የማያውቁ ደንበኞች «ባለሙያው የት ሄደ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም «ምሳ ወጥቷል፣ እስኪመጣ እኔ ልሞካክርልዎት» እላቸዋለሁ። ሥራውን ካዩ በኋላ ባለሙያው ከምሳ ተመለሰ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም። ጋራዡ የአባቴ ነው። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጆሮውን ለመዶሻ ሰጥቷል፤ አሁን የሚያዳምጠው በዓይኑ ነው። ከንፈር ያነባል፣ ያልገባውን ደግሞ በጠመኔ ላሜራ ላይ እንጽፍለታለን።

እርሳስ የምለው ሰው መኪና የሚነድፈው ነው። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ቅጥነቱንና ከጆሮው ጀርባ የማይጠፋውን እርሳስ ያየ የጋራዡ ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ ብሎ ጠራው፣ እሱም ለመደው። የእናቱ ድርጅት አሮጌ መኪኖችን እንደገና ይሠራል። ያድሳል አላልኩም። ማደስ የነበረውን መመለስ ነው፣ እነሱ የሚፈልጉት ግን ሌላ ነገር ነው። መኪናውን ያየ ሰው «ይቺንማ አውቃታለሁ» እንዲል፣ ሲነዳት ግን የዛሬ መኪና እንድትሆንለት ይፈልጋሉ። የድሮው ሞተር ወጥቶ በኤሌክትሪክ ሞተር ተተክቷል። ባትሪው ከወለሉ ሥር ተኝቷል፣ ፍሬኑ አዲስ ነው፣ ከሾፌሩ ፊት ያሉት ክብ መለኪያዎች ውስጥ ስክሪን ተደብቋል። ይህን ሁሉ ለመያዝ አካሉ ሰፋ ማለት ስለነበረበት እርሳስ ዙሪያውን በሁለት ጣት አስፍቶ እንደገና ነደፈው። ከድሮው የቀሩት ጣሪያው፣ በሮቹና በሮቹ የሚገቡበት ፍሬም ናቸው። በቀረው ላይ አዲስ ላሜራ ያለበስኩት እኔ ነኝ።

መኪናው የእርሳስ ሟች አባት ነበር። ወይዘሮዋ እናቱ ለድርጅታቸው የመጀመሪያ ሥራ የመረጡት የባላቸውን መኪና ነው፣ ስለዚህ ያ በር ተራ በር አልነበረም። በእኔና በእርሳስ መካከል ያለውን ነገር ደግሞ ከቀለም ቀቢው እስከ ዘበኛው ድረስ ሁሉም ያውቃል። የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ይህን ጎን የሠራው ማነው?» አሉ ወይዘሮዋ።

የጠየቁት ልጃቸውን ነው። እኔም እሱን አየሁት። ሰባት ወር ሙሉ በዚህ ጋራዥ ውስጥ በተነጋገርንበት ሁሉ ዓይኑ ዓይኔን ለማግኘት ችግር ኖሮበት አያውቅም፤ በሥራ ሰዓት ዓይኑን ከእኔ ላይ እንዲያነሳ የምቆጣው እኔ ነኝ። አሁን ግን ወለሉን አየ። የፈሰሰ ዘይት የጠጣ አሮጌ ሲሚንቶ ነው፣ ምንም የሚታይ ነገር የለውም። እሱ ግን አተኩሮ አየው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ?» ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኙኝ። «ልጄ፣ እኔ ሥራውን እዚህ ያመጣሁት የአባትሽን ስም ሰምቼ ነው።»

«የአባቴን እጅ ነው ያገኙት።»

«እሱንማ በሩ ይናገራል» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሐሙስ አራት ሰዓት እመጣለሁ። በሩ ከገጠመ ገጠመ። ካልገጠመ አካሉ እንዳለ ይጫንና ባሕር ማዶ ያለው ፋብሪካ በማሽን እንደገና ያወጣዋል። አንተም አብረኸው ትሄዳለህ። ሁለት ዓመት ቆመህ ታሠራለህ።»

ወይዘሮዋ ቦርሳቸውን ከክንዳቸው ወደ ትከሻቸው አውጥተው ወጡ፣ እርሳስም የመኪናቸውን ቁልፍ ተቀብሎ እሳቸውን ሊሸኝ ተከተላቸው። ሁለት ዓመቱንስ እችለው ነበር። ያን ወለል ማየቱን ግን አልቻልኩትም፣ መዶሻዬን አስቀምጬ መጸዳጃ ቤት ገባሁና አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ የእኔን ጉድ ልናገር።

በአባቴ ጋራዥ አንድ ሕግ አለ። ላሜራ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ቀለም ቀቢው እጅ ከመግባቱ በፊት፣ የሠራው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሰዋል። ዓይን በብርሃን ይታለላል፣ ይላል አባቴ። መዳፍ ግን የፀጉር ያህል እብጠት አታመልጠውም። ከሦስት ሳምንት በፊት ያንን የቀኝ ጎን ጨርሼ ዓይኔን ጨፍኜ ስዳብሰው፣ ከድሮው የበር ፍሬም ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ እጄ ቆመ። አንድ ነገር ወደፊት የወጣ መሰለኝ። ዓይኔን ገልጬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእርሳስን ንድፍ አየሁ፣ ለካሁ፣ ከንድፉ ጋር አንድ ነው። እንደገና ዳበስኩት፣ እጄ እንደገና ቆመ።

እንዲያ እያለሁ እርሳስ ከኋላዬ መጣና «እንዴት ሆነልሽ?» አለኝ። የሠራሁትን ሲያይ ፊቱ ላይ የበራውን ነገር ብታዩት እናንተም ትዋሹ ነበር። «ልክ ነው» አልኩት። ንድፍህ ተሳስቷል ማለት ከበደኝ። ሌላ ነዳፊ ቢሆን ወረቀቱን ጠቅልዬ ነበር በእጁ የማስይዘው። በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ፣ የአባቴን ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የጣስኩት አንድ ቀጭን ሰው ደስ ስላለው ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጋራዡ እንደደረስኩ አባቴ የታጠፈ ወረቀት አቀበለኝ።

«ልጁ በጠዋት መጥቶ ለእሷ ስጥልኝ አለኝ» አለ።

«አነበብከው?» አልኩት አፌን ከፈት እያደረግኩ።

«መነጽሬን መቼ ይዣለሁ።» ትንሽ ቆየና «ጽሕፈቱ ግን ደስ ይላል፣ ትልልቅ ነው» አለ።

ከንድፍ ወረቀት ጀርባ ላይ የተጻፈ ነው። እንዲህ ይላል፦

«መዶሻዬ፣

ትናንት ዝም ያልኩት እናቴን ፈርቼ አይደለም ልልሽ ነበር፣ ግን ውሸት ይሆናል። ፈርቻታለሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ ቃል አጥቼ ነው። እሷ ናት የሠራችው ብል ጥፋቱን በአንቺ ያላከክሁ ይመስላል። ጥፋቱ የእኔ ነው እንዳልል ጥፋቱ የት እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድ መስመር ከማስመሬ በፊት አሥር ጊዜ የምሰርዝ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። እኔ ቃሉን ስፈልግ አንቺ ‹እኔ ነኝ› ብለሽ ጨረስሽው። ሰባት ወር ሙሉ አቋቋምሽን ሳይ ከርሜያለሁ፤ እንደ ትናንት ቆመሽ ግን አይቼሽ አላውቅም። ስለዚህ አንድ ነገር ሳልሰርዝ በአንዴ ልጽፍ። እወድሻለሁ።»

ደስ አላለኝም አልልም። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ንዴቴ ግን ከቦታው አልነቃነቅም አለ፣ ንዴት ሲይዘኝ ደግሞ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ከጋራዡ ጀርባ፣ ከመኪናው ላይ ቆርጠን የጣልናቸው የድሮ ላሜራዎች ተቆልለው ነበር። የግራውንና የቀኙን የኋላ ጎን ጎትቼ አወጣሁና ጎን ለጎን አጋደምኳቸው። የቀኙ ዝጎ ተጨማዷል፤ እንዲያም ሆኖ ጠርዙ አለ። ከጎማው ቅስት እስከ በሩ ጠርዝ ሁለቱንም ለካሁ። የቀኙ ከግራው በዘጠኝ ሚሊ ያጥራል።

አባቴ መጥቶ አጎነበሰና ሁለት መዳፉን በሁለቱ ላይ አኖረ። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሳቁ መጣ።

«የግራውን የሠራው ሰውና የቀኙን የሠራው ሰው አንድ አይደሉም» አለ። «ያኔ አካሉን በእጅ ነበር የሚጨርሱት። አንዱ በዚህ በኩል ይቆማል፣ ሌላው በዚያ በኩል። አንደኛው ትንሽ ቸኩሏል። በሩንም በዚያው ልክ ገጠሙትና መንገድ ለመንገድ ሃምሳ ዓመት ኖረ።»

ንድፉ ደግሞ በሁለቱም በኩል አንድ ነው። እርሳስ የለካው አንዱን ጎን ነው ማለት ነው። ማስረጃው እግሬ ሥር ተጋድሟል፤ ተሸክሜ ወይዘሮዋ ቢሮ ብወስደው የአባቴም ስም የእኔም ስም ይነጻል።

«ልትወስጂላቸው ነው?» አለ አባቴ።

«ልውሰደው?»

«አንቺ ከነገሩ ንጹሕ ትሆኛለሽ። ልጁ ያፍራል።» ዝገቱን ከመዳፉ አራገፈ። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። መዳፍሽ ያን ቀን የት ሄዶ ነበር?»

አባቴ ከንፈር ብቻ አይደለም የሚያነበው፣ ፊቴ ላይ ያየውን አይቶ ወደ ሥራው ሄደ።

ምሳ ሰዓት ላይ እርሳስ መጣ። ሰላምታ ሊጀምር ሲል «ና ወዲህ» ብዬ ወደ ጓሮ ወሰድኩት፣ ሜትሩንም በእጁ አስያዝኩት። ለካ። እንደገና ለካ። ከዚያ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ቀኙ ዝጎ ስለነበር ግራውን ብቻ ለካሁ» አለ። «ኮምፒዩተሩን ለቀኝ ገልብጥልኝ አልኩት።»

«ገለበጠልህ።»

«ገለበጠልኝ።» ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እናቴ ፊት አንቺ የቆምሽው በእኔ ጥፋት ነው። ለዚያውም እኔ እያየሁ።»

ልተወው እችል ነበር። ልቤ ግን እምቢ አለ። «ግማሹ የእኔ ነው» አልኩት። ስለ መዳፌ ነገርኩት፣ እጄ ሁለት ጊዜ እንደቆመ፣ እኔም ልክ ነው እንዳልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን?»

«ደስ ብሎህ ነበር።»

ተነሣ። እርሳስ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር፣ ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ነው የሚለው። «ሁለተኛ እንዳታደርጊው። በሥራም ቢሆን በሌላም። ከተሳሳትኩ ተሳስተሃል በይኝ። እኔን ላለማስከፋት እጅሽን የምታስዋሺ ከሆነ፣ እኔ የምወዳትን ሴት ከየት ላገኛት ነው?»

«አንተስ?» አልኩት። «ስለ እኔ ስትጠየቅ ወለል የምታይ ከሆነ እኔስ የምፈልገውን ሰው ከየት ላገኘው ነው?»

ሁለታችንም ተፋጥጠን ቆምን። ይህን ጊዜ ዓይኑ ወደ ታች አልወረደም።

«አሁኑኑ ደውዬ እነግራታለሁ» አለና ስልኩን አወጣ።

«ስልኩን አስቀምጥና ኮትህን አውልቅ። ጊዜ የለንም።»

ጠርዙን ፈትቶ ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ነው። ችግሩ ከጠርዙ ጀርባ ያለው ለስላሳ እጥፋት ነው፤ ዘጠኝ ሚሊ ሲነሳበት ይኮማተራል፣ እንደገና በመዶሻ ማለስለስ ያስፈልጋል። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከውጭ ይመታል፣ አንዱ ከውስጥ ሆኖ መዶሻው የሚያርፍበት ላይ ወፍራም ብረት ይደግፋል። ድሮ የሚደግፍልኝ አባቴ ነበር፣ አሁን ትከሻው አይችልም። እርሳስ ቀጭን መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን፤ ወንበር ባልገባበት መኪና ውስጥ ተጣጥፎ ገብቶ ከላሜራው ጀርባ ተቀመጠ።

«ብረቱን አጥብቀህ አትያዘው» አልኩት። «ስመታው ይግፋህ፣ ከዚያ ተመለስ።»

የመጀመሪያዎቹ ምቶች ባዶ ጮሁ። እሱ ያለው እዚያ፣ እኔ የምመታው እዚህ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ገጠመ። ብረት ከብረት ጋር ሲገናኝ ድምፁ ይጠራል፣ እጅም ያውቀዋል። ቀጥሎ ያለውም ገጠመ፣ ቀጥሎ ያለውም። በመካከላችን ያለው አንድ ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ ነው። አላየውም፣ አያየኝም። መዶሻዬ ባረፈበት ሁሉ ግን እሱ ነበረ።

«አለህ?» እለዋለሁ።

«አለሁ» ይለኛል።

ከሰዓት በኋላ ድካሙ በሚሰማ ድምፅ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ ከውስጥ። «አሁን አሁን ከመምታትሽ በፊት የት እንደምትመቺ አውቃለሁ።»

«ጉራህን ተው።»

«ሞክሪኝ።»

ሳልነግረው ቦታ ቀየርኩ። ጠርቶ ጮኸ። እንደገና ራቅ አድርጌ ቀየርኩ። ጠርቶ ጮኸ። መዶሻውን አንስቼ ለትንሽ ጊዜ ቆየሁ፣ ክንዴ ደክሞት አልነበረም። ንዴቴ የት እንደሄደ ብፈልገው የለም። ግንባሬን ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ አስደገፍኩ። «መዶሻዬ፣ አለሽ?» አለ። «አለሁ» አልኩትና እንደገና መታሁ።

ጋራዡ ሊዘጋ ሲል አባቴ መጣ። ዓይኑን ጨፈነና መዳፉን ከጣሪያው ሥር ጀምሮ እስከ ጎማው አወረደ፣ መልሶ አወጣ። አባቴ ሥራ ሲበላሽ ነው የሚያወራው፤ ሲያምር ጃኬቱን ለብሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጃኬቱን ለበሰ።

ሐሙስ ወይዘሮዋ ልክ በአራት ሰዓት ደረሱ። በሩን ሊነኩ እጃቸውን ሲዘረጉ እርሳስ ከፊታቸው ቆመ።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ማክሰኞ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ይህን ጎን የሠራችው እሷ ናት። የሰጠኋት ንድፍ ስህተት ነበር። አንዱን ጎን ለክቼ ሁለቱም እኩል ናቸው ብዬ ወሰንኩ። ያን ቀን በእኔ ጥፋት ስትናገሪያት ቆሜ ሰማሁ። በሩ ባይገጥም እንኳን ይህን እነግርሽ ነበር።»

አንድም ቃል ሳይሰርዝ ተናገረው። ቀለም ቀቢው መርጫውን አጠፋ። ሌሎቹም መዶሻቸውን አስቀመጡ። ከጥግ የሚሰማው የአባቴ ሞረድ ብቻ ነው፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ላሜራውን ይሞርዳል፣ ዓለም ጸጥ ማለቷን የነገረው የለም።

ወይዘሮዋ በሩን ገፉት። ክትት ብሎ ገባ። ከፈቱት፣ እንደገና ዘጉት። ጓንታቸውን አውልቀው ጠርዙን በጣታቸው ተከተሉት።

«በዚህ በኩል ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ» አሉ። «ሁለቴ ካልመታሁት አይዘጋም ነበር። ባለቤቴ ነገ አሠራዋለሁ ይለኝ ነበር።»

«ይህቺ አዲሷ መኪና ናት፣ እማዬ።»

«አየሁ።» ወደ እኔ ዞሩ፣ ራሳቸውንም ጎንበስ አደረጉልኝ። «የአባትሽ እጅ ነው። ማክሰኞ የተናገርኩሽን እንዳልተናገርኩ ቁጠሪልኝ።» ከዚያ ለልጃቸው «አካሉ አይጫንም» አሉት። «አንተ ግን ሂድ። ፋብሪካውን ማየት ይጠቅምሃል።»

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«ከእሷ ጋር መኖር እፈልጋለሁ።»

«ከባትላሜራዋ ጋር?»

«ከባትላሜራዋ ጋር።»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፣ አንድ ያረጀ ድካም ነበር። ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ ተናገሩኝ።

«አባቱም እንዲህ ነበር» አሉኝ። «ቃሉ እስኪመጣለት ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። ዛሬ ተናገረ፣ ደግ። አንድ ቀን ደግሞ ወለል ያያል። ያኔ ምን ይዘሽ ትቆያለሽ፣ ልጄ?»

ለሁሉም ሰው መልስ አላጣም፣ ታውቁኛላችሁ። ለደንበኛው አለኝ፣ ለአባቴ አለኝ፣ ለእርሳስማ ተርፎ ይፈሳል። በዚያች ሰዓት ግን ቀልዱም ነገሩም ጥሎኝ ጠፋ። እጄ ጥቁር ነው፣ ልብሴ ላይ የብረት ብናኝ አለ፣ ፊት ለፊቴ ያሉት ሴት መልስ እየጠበቁ ነው።

«እወደዋለሁ» አልኳቸው።

ለእሱ እንኳ አንድ ቀን በአፌ ብዬው አላውቅም ነበር። ዞሬ አላየሁትም፣ ከኋላዬ ትንፋሹ ቁርጥ ሲል ግን ሰማሁ። ወይዘሮዋ ጥቁሩን እጄን በባዶ እጃቸው ያዙት። ሊለቁኝም አልቸኮሉ፣ እኔም እንዲለቁኝ አልፈለግኩም።